ቲኬቱ «ሮም» ይላል፣ መርከቡ ሌላ ቦታ ያወርዳል፦ የአውሮፓ ክሩዝና የወደብ ከተሞቹ ነገር

አክስቴ ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት። ጡረታ እንደወጡ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ጋር ተቧድነው የ14 ቀን የአውሮፓ ክሩዝ ሄዱ። ሲመለሱ ደወልኩላቸው።

«ሮም እንዴት ነበረች?»

«ልጄ፣ ሮምን በአውቶቡስ መስኮት ነው ያየኋት። ኮሎሲየሙ በቀኝ በኩል ነው ተባለ። እኔ ደግሞ በግራ ነበር የተቀመጥኩት።»

ሳቅን። ግን ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። ክሩዝ የሚሸጥበት ወረቀት ላይ የተጻፈውና መሬት ላይ ያለው ነገር ይለያያል፤ ልዩነቱን ቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው ደግሞ ብዙ የለም። አሁን እዚህም እዚያም ወገኖቻችን በዚህ ጉዞ እየሄዱ ስለሆነ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ላስረዳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ ነው የምጽፈው፤ የሰዓት ጣጣ ራሱን የቻለ ርዕስ አለው፣ ወደ ታች እንደርስበታለን።

ክሩዝ ምንድን ነው? ለምንስ አንድ ከተማ ላይ ሁለት ቀን አይቆምም?

የሚንሳፈፍ ሆቴል በሉት። ሻንጣችሁን አንዴ ትፈታላችሁ፣ በቃ። ሌሊት እናንተ ስትተኙ እሱ ይጓዛል። ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጡ ሌላ ከተማ ናችሁ። የምትሳፈሩበት ቦታ መነሻ ወደብ ይባላል። በመንገድ ላይ ለአንድ ቀን የሚቆምባቸው ደግሞ ማረፊያ ወደቦች ናቸው። የዛሬው ጉዳያችን እነዚህ ማረፊያዎች ናቸው።

ሆቴሉ ግን ቀርፋፋ ነው። ብዙዎቹ መርከቦች በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄዱት። ቀለበት መንገድ ላይ ያለ ሚኒባስ ይቀድማቸዋል። ሮምን ካያችሁ በኋላ በማግስቱ ጠዋት ኔፕልስ ለመገኘት አንድ ሌሊት ይበቃል። ከኔፕልስ አቴንስ ለመድረስ ግን ከ30 ሰዓት በላይ ባሕር ላይ መዋል አለ። ለዚህ ነው መርሐ ግብሩ ላይ አልፎ አልፎ ወደብ የሌለበት «የባሕር ቀን» የምታዩት፤ ማታ ማታ መርከቡ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በሰዓቱ የሚወጣውም ለዚሁ ነው።

የገንዘብም ነገር አለበት። መርከቡ ወደብ ላይ በቆየ ቁጥር ለወደቡ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ካሲኖና ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ወደብ ላይ እያለ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። እናንተ ከተማ ስትዞሩ መርከቡ ቢዝነስ የለውም።

ሮም ይላል አይደል? ታዲያ ሮም አይገባም?

አይገባም። የሚቆመው ቺቪታቬኪያ የምትባል ሌላ ከተማ ነው። ከሮም 70 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። «አዲስ አበባ» ብለው ቲኬት ሸጠውላችሁ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቢያወርዷችሁ ማለት ነው፤ ርቀቱም ያው ነው።

ሮም ብቻ አይደለችም። ፍሎረንስ ሲሏችሁ ሊቮርኖ ነው፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር። ለንደን ሲሏችሁ ብዙ ጊዜ ሳውዝሃምፕተን ነው፣ ወደ 130፤ ደብረ ብርሃን ወርዶ አዲስ አበባን እንደማየት። ፓሪስ ደግሞ ለአቭር ነው፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። በርሊን ጭራሽ ባሕር የላትም። ቫርነሙንደ ነው የሚያወርዷችሁ፣ ከዚያ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል አለ። አቴንስ ደህና ናት። ወደቧ ፒሬየስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሜትሮ ያስገባል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ጥንት ብዙ ከተሞች ባሕር ዳር ላይ መቀመጥ አይወዱም ነበር። ከባሕር የሚመጣ ወንበዴ አለ። ስለዚህ ትንሽ ገባ ብለው፣ ብዙ ጊዜ ወንዝ ይዘው ተቆረቆሩ። ወንዝ ደግሞ ደለል ያመጣል። የሮም የድሮ ወደብ ኦስቲያ በደለል ተሞልታ ዛሬ ፍርስራሿ ከባሕሩ ርቆ ቀርቷል። ቺቪታቬኪያን ንጉሠ ነገሥት ትራያን ያሠራት ከ1,900 ዓመት በፊት ነው፤ ዛሬም ለሮም ታገለግላለች። በመልእክቱ የምናውቃት ኤፌሶንም እንደዚያው ናት። በዘመኗ ትልቅ ወደብ ነበረች፣ ዛሬ ባሕሩ ኪሎ ሜትሮች ሸሽቷታል። ክሩዞች ኤፌሶንን የሚያሳዩት ቱርክ ውስጥ ኩሻዳሲ ላይ አውርደው ነው።

12 ሰዓት ቆይታ ስንት ሰዓት ነው?

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። መርሐ ግብሩ «ሮም፣ ከጠዋቱ 1፡00 እስከ ምሽቱ 1፡00» ይላል። 12 ሰዓት! ደስ ሲል።

አሁን እንቀንስ። መርከቡ 1፡00 ሲቆም ገመድ ይታሰራል፣ የወደቡ ሰዎች ወረቀት ያያሉ፣ ድልድይ ይዘረጋል። ሦስትና አራት ሺህ ሰው በሁለት በር ሲወጣ እናንተ መሬት የምትረግጡት 2፡00 ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደቡ ውስጥ ለውስጥ በአውቶቡስ፣ ቀጥሎ ወደ ባቡር ጣቢያ፣ ቲኬት፣ መጠበቅ። ባቡሩ 3፡00 ቢነሳ 4፡00 ሮም ናችሁ። በመመለሻው ደግሞ «ሁሉም ይሳፈር» የሚባል ሰዓት አለ። መርከቡ ከሚወጣበት ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይቀድማል። ከ1፡00 መነሻ ላይ 12፡30 ማለት ነው። ባቡር ቢዘገይ ብላችሁ መጠባበቂያ ስትይዙ ከሮም 10፡00 ላይ መነሳት አለባችሁ።

ከ4፡00 እስከ 10፡00። ስድስት ሰዓት። ምሳ አንድ ሰዓት ከወሰደ አምስት። 12 የተባለው አምስት ሆነ። አምስት ሰዓት ውስጥ ቫቲካንንም ኮሎሲየምንም አየዋለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም አያይም። ሰልፍ ነው የሚያየው።

አንዱን ምረጡ። ቫቲካን ከሆነ ባቡሩ ሮማ ሳን ፒዬትሮ የሚባል ጣቢያ ላይ ይቆማል፣ እዚያ ውረዱ፤ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በእግር ቅርብ ነው። (የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ነው፣ ቀኑን አረጋግጡ።) ኮሎሲየም ከሆነ ደግሞ ለሐበሻ አንድ ምክር አለኝ። ከኮሎሲየሙ አጠገብ ያለው የቆንስጣንጢኖስ ቅስት በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን የጨረሰበት ነው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ብትሄዱ የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረውን አደባባይ ታገኛላችሁ፤ ሐውልቱ ወደ ቤቱ የተመለሰው በ2005 ነው። ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰፊ አደባባይ ደግሞ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች። አስጎብኚ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን የሚነግራችሁ አይመስለኝም።

የማን ሰዓት ነው የሚቆጠረው?

የመርከቡ። ስልካችሁ አይደለም። ጣሊያን፣ ማልታ፣ ክሮኤሺያና ስፔን አንድ ዓይነት ሰዓት አላቸው። ግሪክ ስትገቡ አንድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል (በበጋቸው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው)። ስልካችሁ ኔትወርክ አጥፍቶ በጣሊያን ሰዓት ከቀረ፣ «ገና አንድ ሰዓት አለኝ» ስትሉ መርከቡ ገመድ እየፈታ ነው። በሩ ላይና ክፍላችሁ በሚገባው ወረቀት ላይ ያለውን ሰዓት እመኑ።

እኛ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። እናት «አሥር ተኩል ላይ ይዘጋል» ትላለች፣ አሜሪካ ያደገው ልጅ ማታ አሥር ተኩል ይመስለዋል። ስቃችሁ እንዳታልፉት፣ ይሆናል። ከቤተሰብ ጋር ስትሄዱ ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ እንዳለው «16፡30» ብላችሁ ተስማሙ፣ ነገር አለቀ።

ባረፍድስ? ይጠብቁኛል?

እንደሁኔታው ነው። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ላይ ሆናችሁ አውቶቡሱ ቢዘገይ፣ መርከቡ ይጠብቃል፤ ካልቻለም በራሱ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሳችኋል። በራሳችሁ ከሄዳችሁ ግን ይሄዳል። ክፋት አይደለም። አንድ ሰዓት ቢጠብቅ የሚቀጥለውን ወደብ ተራ ያጣል፣ ሦስት ሺህ ሰው ይጉላላል።

ስትወጡና ስትገቡ ካርዳችሁ ስለሚነበብ ማን እንደቀረ ያውቃሉ። ስማችሁን በድምፅ ማጉያ ይጠራሉ። ካልመጣችሁ፣ ብዙ ጊዜ ፓስፖርታችሁን ክፍላችሁ ካለው ካዝና አውጥተው ለወደቡ ወኪል ይተዉታል። ወኪል ማለት ኩባንያው በዚያ ከተማ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ስልኩ ዕለታዊ ወረቀታችሁ ላይ አለ፤ ከመውረዳችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ከዚያ በኋላ ባቡሩም አውሮፕላኑም በኪሳችሁ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ ጁስ የያዘ ሕዝብ ተሰልፎ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የገበያ ከረጢት አንጠልጥሎ የሚሮጠውን ሰው ያጨበጭብለታል። ለሚያየው ደስ ይላል።

የመርከቡን ጉብኝት ልግዛ ወይስ በራሴ ልሂድ?

የመርከቡ ጉብኝት ይወደዳል። የሚሸጥላችሁ ግን አውቶቡስ ብቻ አይደለም፣ ያለማርፈድ ዋስትናም ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቡድኑ ነው። 40 ሰው ይቆጠራል፣ አንዱ ሽንት ቤት ሄዶ ይጠፋል፣ 39ኙ ይጠብቃሉ። ጊዜው በመቁጠር ያልቃል። አክስቴ መስኮት ላይ የቀሩት በዚህ ነው።

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ባቡር ቶሎ ቶሎ በሚመላለስበት፣ ለምሳሌ ሮምና አቴንስ፣ በራሳችሁ ሂዱ። እግር የሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች ካሉ ወይም መመለሻው አንድ መንገድ ብቻ ከሆነ ለመርከቡ ክፈሉ። ፓሪስን ከለአቭር በአንድ ቀን ማየትን ግን ለጠላቴም አልመክርም፤ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ለአቭር ራሷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወድማ በኮንክሪት እንደ አዲስ የተሠራች፣ በ2005 ዩኔስኮ የመዘገባት ከተማ ናት። ኦንፍለር የምትባለው ቆንጆ የድሮ ወደብም ከድልድዩ ማዶ ናት። ፓሪስ ሌላ ጊዜ በአውሮፕላን ይደረስባታል።

በራሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቲኬት በኢንተርኔት ቀድማችሁ ግዙ። በቀን የሚገባው ሰው ተገድቧል። አክሮፖሊስ (የአቴንስ የጥንት ቤተ መቅደሶች ያሉበት ኮረብታ) ከ2023 ጀምሮ፣ ፖምፔይ (ኔፕልስ አጠገብ ያለችው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ) ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አያስገቡም። አክሮፖሊስ በበጋ ሙቀቱ ሲበረታ ቀትር ላይ የሚዘጋበት ጊዜም አለ።

መርከቡ ባሕር መሃል ቆሞ በጀልባ የሚያወርዱን ለምንድን ነው?

ጀልባዋ ቴንደር ትባላለች። ወደቡ ትንሽ ሲሆን ወይም መቆሚያ ሲጠፋ ነው የምትመጣው። ሳንቶሪኒ ዋናዋ ምሳሌ ናት። ደሴቷ የፈነዳ እሳተ ገሞራ አፍ ናት፣ መርከቡ የሚቆመው ውሃ በገባበት አፍ ውስጥ ነው። ወለሉ በጣም ጥልቅ ስለሆነ መልሕቅ መጣል አስቸጋሪ ነው።

ቴንደሯ ገደሉ ሥር ታወርዳችኋለች። ከተማዋ ፊራ ከራስ በላይ 200 ሜትር ላይ ተንጠልጥላለች። ለመውጣት ሦስት ምርጫ አለ፦ በገመድ የሚጎተት ሳጥን፣ 600 የሚጠጋ ደረጃ፣ ወይም በቅሎ። ደረጃውና የበቅሎው መንገድ አንድ ነው። በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ የበቅሎ ፋንድያ እየዘለላችሁ ትወጣላችሁ ማለት ነው፤ ሽታውን የገጠር ልጅ ያውቀዋል። ለሳጥኑ ያለው ሰልፍ ደግሞ አራት መርከብ በአንድ ቀን ከመጣ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ከወረዳችሁ በኋላ የመመለሻውን ሰልፍ አስቡ፣ ሁሉም ሰው እኩል ነው የሚወርደው። ነፋስ ከበረታ ቴንደሩ ይቀራል፣ ሳንቶሪኒንም ከመርከቡ ላይ አይታችሁ ትሄዳላችሁ።

ወርዶ ብቻ በእግር የሚታይ ከተማ የለም?

አለ፣ ለእኔ የጉዞው ምርጥ ቀናት እነዚህ ናቸው። ማልታን ውሰዱ። ቫሌታ ስትገቡ ተኝታችሁ እንዳታሳልፉት። መርከቡ በማለዳ የማር መልክ ባለው የድንጋይ ግንብ መሃል ቀስ ብሎ ይገባል፣ ከበረንዳችሁ ሰገነት ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሰዎች ይታያሉ። ከወረዳችሁ በኋላ በወደቡ ዳር ተራምዳችሁ አንድ ረጅም ሊፍት ታገኛላችሁ፤ 58 ሜትር ሽቅብ ወስዶ አትክልት ቦታ ላይ ያወጣችኋል። እዚያ ቀትር ላይ፣ በእኛ 6፡00፣ መድፍ ይተኮሳል። አትደንግጡ፣ በየቀኑ ነው። ደሴቷ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ላይ «መላጥያ» የምትባለው ናት፣ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮበት የወጣባት። እሱም ወደ ሮም እየሄደ ነበር። በጀልባው ላይ ቡፌ አልነበረም እንጂ መንገዱ ከዛሬው ክሩዝ ብዙም አይለይም።

ሞንቴኔግሮ ያለችው ኮቶርም እንዲሁ ናት። መርከቡ ከድሮው ከተማ ግንብ ፊት ለፊት ነው የሚቆመው። ኔፕልስ ላይ ስትወርዱም ትልቁ ቤተ መንግሥት ፊታችሁ ነው። ፖምፔይ በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው ከተማ ናት፤ ከጋሪባልዲ ጣቢያ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተቆራርጦ በመርከብ ሲወሰድ ጣሊያን የወረደውም በዚሁ በኔፕልስ ወደብ ነበር።

ቪዛውስ?

የእስራኤል ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ብዙም አይቸገርም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ ግን፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ሸንገን (ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንድ ላይ የሚያስገባው ቪዛ) ያስፈልገዋል፤ ግሪን ካርድ አውሮፓ አያስገባም። ዋናው ወጥመድ ሌላ ነው። ቱርክ፣ ሞንቴኔግሮና እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ አይደሉም። ከግሪክ ወደ ኩሻዳሲ ሄዳችሁ ወደ ግሪክ ስትመለሱ፣ ወጥታችሁ እንደገና ገባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መሆን አለበት፣ አንዴ ብቻ የሚያስገባው አይበቃም። መርሐ ግብሩን አገር በአገር እያያችሁ ጠይቁ፣ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት።

ከተሞቹ ለምን «በቃን» ይላሉ?

ቀን የሚመጣ እንግዳ ሆቴል አይከፍልም፣ ቁርሱንም እራቱንም መርከቡ ላይ ነው የሚበላው። መንገዱን ግን ይሞላዋል። ሳንቶሪኒ 15,000 ገደማ ነዋሪ አላት። ከ2025 ጀምሮ ከመርከብ የሚወርደው በቀን ከ8,000 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ግሪክ በዚያው ዓመት በሳንቶሪኒና በሚኮኖስ ለሚወርድ ተሳፋሪ በበጋ 20 ዩሮ ጣለች። የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ በአንድ ጊዜ ከሁለት መርከብ በላይ ላለመቀበል ተስማምታለች። ባርሴሎናም በ2030 ሰባቱን የክሩዝ ተርሚናሎች አምስት ለማድረግ ወስናለች።

ቬኒስ ከሁሉም ቀድማለች። በ2019 አንድ ትልቅ መርከብ መቆም አቅቶት የወደብ ጠርዝና የቱሪስት ጀልባ ገጨ። በነሐሴ 2021 ከ25,000 ግሮስ ቶን በላይ የሆነ መርከብ በመሃል ከተማ እንዳያልፍ ተከለከለ። ግሮስ ቶን ክብደት አይደለም፣ የመርከቡ ውስጥ ስፋት መለኪያ ነው። ዛሬ ሜዲትራንያን ላይ ከ200,000 በላይ የሆኑ ስላሉ፣ ክልከላው በተግባር ሁሉንም ትልልቆች ያስቀራል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ ቀናት ለቀን ጎብኚ መግቢያ ያስከፍላሉ፣ ከ5 ዩሮ ጀምሮ።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደወሉ። ለመስከረም ሌላ ክሩዝ አግኝተዋል፣ ወረቀቱ ላይ «መነሻ፦ ቬኒስ» ይላል።

«እሺ ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄኛውስ የት ነው የሚያሳፍረኝ?»

ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ከታች በደቃቅ ፊደል ራቬና ይላል። ከቬኒስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል።